«ሁ»፣ «ዊች»፣ «ዌር»፦ የትኛው የት እንደሚገባ ከአማርኛው ግስ ማወቅ ይቻላል

ጥያቄው የመጣው ጅማ ውስጥ ቡና አዘጋጅቶ ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ከሚሠሩ አንዲት የመጋዘን ጸሐፊ ነው። ለገዢ የሚላከውን ሪፖርት በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ አለቃቸው ሁለት ዐረፍተ ነገር ላይ ቀይ አስምረው መለሱላቸው። አንደኛው «ዘ ፋርመር ሁ አይ ጌቭ ሂም ዘ መኒ ሂ ሊቭስ ኢን አጋሮ» ይላል። ሁለተኛው «ዘ ቤድ ዊች ዊ ድራይድ ዘ ኮፊ ኦን ኢት ኢዝ ብሮክን» ነው። ከመጀመሪያው «ሂም»ና «ሂ»፣ ከሁለተኛው «ኢት» ተሰርዘዋል። እነዚህ ቃላት ለምን እንደተሰረዙ፣ «ሁ»፣ «ዊች»፣ «ዛት»ና «ዌር» በምን እንደሚመረጡ፣ ኮማ ደግሞ መቼ እንደሚገባ ጠይቀዋል። ምሳሌዎቹን እሳቸው በስልክ እንደላኩት በፊደላችን አስቀምጫለሁ፤ ሲለማመዱ ግን በላቲን ፊደል ይጻፏቸው።

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ይያዙልኝ። የጻፏቸው ዐረፍተ ነገሮች በዘፈቀደ የተሳሳቱ አይደሉም። ከቃላት ቅደም ተከተል በቀር የአማርኛን ሕግ ሳያጓድሉ በእንግሊዝኛ ቃላት አስቀምጠዋል፤ ስህተቱ ከየት እንደመጣ በትክክል ማሳየት የሚቻለውም ለዚህ ነው።

«ብሩን የሰጠሁት ገበሬ አጋሮ ይኖራል» የሚለውን እንፍታው። «የሰጠሁት» ውስጥ ሦስት ነገር አለ። «የ» ግሱን ከስሙ ጋር ያያይዛል፤ «ሰጠሁ» ድርጊቱንና አድራጊዋን ይናገራል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ደግሞ «ለእሱ» ማለት ናት። ያችን «ት» አውጥተው «ብሩን የሰጠሁ ገበሬ» ቢሉ ጆሮዎ አይቀበለውም፤ ገበሬዋ እርስዎ ራስዎ የሆኑ ይመስላል። ስለዚህ አማርኛ ያደገበት ጭንቅላት «ለእሱ» የሚለው ነገር በግድ መነገር አለበት ብሎ ያምናል፤ እንግሊዝኛ ሲጽፍም «ሂም»ን ይጨምራል። እንግሊዝኛ ውስጥ ግን «ሁ» የ«የ»ንም የ«ት»ንም ሥራ አንድ ላይ ይሠራል። «ሁ» ካለ «ሂም» ተብሏል ማለት ነው፤ ሲደገም ሁለት ተቀባይ ያለ ይመስላል።

ሁለተኛውም እንዲሁ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። «ቡናውን ያሰጣንበት አልጋ» ስንል «በት» ሁለት ክፍል አላት፦ «በ» እና «ት»። እንግሊዝኛው «በ»ን አይጥልም፤ «ኦን» ሆና ትቀራለች። የሚጣለው «ት» ብቻ ነው፣ ማለትም «ኢት»። ስለዚህ ትክክለኛው «ዘ ቤድ ዊች ዊ ድራይድ ዘ ኮፊ ኦን ኢዝ ብሮክን» ነው። በመደበኛ ጽሑፍ መስተዋድዱን (እንደ «ኦን» ያለውን ቃል) ወደፊት አምጥቶ «ዘ ቤድ ኦን ዊች ዊ ድራይድ ዘ ኮፊ» ማለትም ይቻላል። «ኢት» ትውጣ ሲባሉ «ኦን»ንም አብረው የሚያወጡ አሉ፤ ያኔ አልጋው ራሱ የተሰጣ ይመስላል። (በነገራችን ላይ ለውጭ ገዢ ሲጽፉ «ድራዪንግ ቤድ» ይበሉ፤ «ቤድ» ብቻውን ሲሆን የመኝታ አልጋ መስሎ ሊነበብ ይችላል።)

«ሂ ሊቭስ» ላይ ያለው ስህተት ከዚህ ይለያል። አማርኛው «ይኖራል» ባለቤቱን በራሱ ውስጥ ይዟል፤ «ይ» ናት «እሱ» የምትለው። የእንግሊዝኛው «ሊቭስ» ባለቤት ከፊቱ ይፈልጋል፤ ያ ባለቤት ግን «ዘ ፋርመር» ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ሲጀምር ተጠርቷል። መካከል ላይ ረጅም ሐረግ ስለገባ የተረሳ መስሎን «ሂ» ብለን እንደግመዋለን። ትክክለኛው «ዘ ፋርመር ሁ አይ ጌቭ ዘ መኒ ቱ ሊቭስ ኢን አጋሮ» ነው፤ «ለእሱ» ውስጥ ያለችው «ለ» እዚህ «ቱ» ሆና ትታያለች። «ቱ ሊቭስ» ጎን ለጎን ሲነበብ እንግዳ ቢመስልም ምንም ስህተት የለበትም። ካልተመቸዎት «ዘ ፋርመር ቱ ሁም አይ ጌቭ ዘ መኒ ሊቭስ ኢን አጋሮ» ይበሉ።

ስለ ቅደም ተከተል ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አማርኛ የሚገልጸውን ሐረግ ከስሙ በፊት ያመጣል፣ እንግሊዝኛ ከስሙ በኋላ። ጅማ ውስጥ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። «ነምኒ ከሌሳ ዹፌ» ሲባል ሰውየው ቀድሞ ይጠራል፣ ትናንት መምጣቱ ከኋላው ይከተላል፤ «ዘ ማን ሁ ኬም የስተርደይ» ጋር ስሙ ያለበት ቦታ አንድ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገሩ ከሆነ ስሙን የት ላስቀምጥ ሲሉ በኦሮምኛው ያስቡ። ልዩነቱ ኦሮምኛው ግሱን በሐረጉ መጨረሻ ሲያስቀምጥ እንግሊዝኛው ከባለቤቱ ቀጥሎ ማስቀመጡ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። የእንግሊዝኛ መማሪያዎች «ሁ ለሰው፣ ዊች ለነገር፣ ዌር ለቦታ» ብለው ያልፋሉ። ይህ ሕግ ግማሽ እውነት ነው፤ በተለይ «ዌር» ላይ ብዙ ሰው ያሳስታል። «አጋሮ ኢዝ ዘ ታውን ዌር አይ ቪዚትድ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ሕጉን አክብሯል፣ አጋሮ ቦታ ነውና፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን ስህተት ነው። ከመማሪያው ሕግ የተሻለ መመሪያ በእጅዎ አለ፤ እሱም የአማርኛው ግስ መጨረሻ ነው። «የተወለድኩበት ከተማ» ይላሉ፣ «የጎበኘሁት ከተማ» ይላሉ። አንዱ «በት» አለው፣ ሌላው «ት» ብቻ። «በት» ያለው «ዌር» ይወስዳል፦ «ዘ ታውን ዌር አይ ወዝ ቦርን»። «ት» ብቻ ያለው ከተማውን ተሳቢ (ድርጊቱ የሚያርፍበት) አድርጎታል፣ ስለዚህ «ዊች» ወይም «ዛት» ይወስዳል፦ «ዘ ታውን ዛት አይ ቪዚትድ»። ስህተት ያመጣብን ያው ምዕላድ (ግሱ ላይ የተለጠፈው ቁራጭ) በትክክል ከተነበበ የትኛውን ቃል እንደምንመርጥ ይነግረናል። አንብበው፣ ወደ «ሁ» ወይም «ዊች» ወይም «ዌር» ለውጠው፣ ከዚያ ዳግም እንዳይጽፉት መጠንቀቅ ነው።

«በት» ግን ሁልጊዜ ቦታ አይደለችም። «የመጣሁበት ቀን» ጊዜ ነው፣ «ዘ ዴይ ዌን አይ ኬም»። «የዘገየንበት ምክንያት» «ዘ ሪዝን ዋይ ዊ ወር ሌት» ይሆናል። «ቡናውን የምንፈለፍልበት ማሽን» መሣሪያ ነው፤ «ዘ ማሽን ዛት ዊ ፐልፕ ዘ ኮፊ ዊዝ» ይባላል፣ መጨረሻ ያለችው «ዊዝ» አትቅር። «የመጣሁበት ከተማ» ደግሞ ጭራሽ «ከ» ነው፦ «ዘ ታውን አይ ኬም ፍሮም»። አማርኛ ለ«ከ» የሚሆን የግስ ምዕላድ ስለሌለው «በት»ን ያውሰዋል፤ «ፍሮም» የሚጠፋብንም እዚህ ላይ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ሐረጉን ራሱን ችሎ የቆመ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ያድርጉት። «ከከተማው መጣሁ»፤ «በማሽኑ እንፈለፍላለን»፤ «በቀኑ መጣሁ»። በዚያ ላይ የሚመጣው «ከ» ወይም «በ» የትኛውን የእንግሊዝኛ መስተዋድድ መያዝ እንዳለብዎ ይነግራል።

«ለት» ያለባቸው ብዙ አያስቸግሩም። «ሪፖርቱን የጻፍኩለት ገዢ» «ዘ ባየር አይ ሮት ዘ ሪፖርት ፎር» ነው፤ «ናሙናውን የላክንለት ገዢ» ደግሞ «ቱ» ይዞ ይጨርሳል። «አብሬው የምሠራው ሰው» «ዘ ማን አይ ወርክ ዊዝ» ይሆናል።

መጨረሻው ላይ ተሳቢም መስተዋድድም ከሌለ ስሙ ራሱ አድራጊ ነው፦ «ትናንት የመጣው ሾፌር»። እዚህ ላይ «ው»ን አይተው «ሂም» ነው እንዳይሉ። ይህች «ው» ሾፌሩ የታወቀ መሆኑን የምትነግር ናት፣ እንግሊዝኛው በ«ዘ» የሚያሳየው። አንዳንድ ጊዜ ግን «ው» ሁለቱንም ልትሆን ትችላለች። «ያየው ገበሬ» ብቻውን ሲቆም ገበሬው አየ ወይስ ታየ አይታወቅም። «ሥራ አስኪያጁን ያየው ገበሬ» ስንል ያየው ገበሬው ነው፤ «ሥራ አስኪያጁ ያየው ገበሬ» ስንል የታየው ገበሬው ነው። ልዩነቱን የፈጠረችው «ን» ናት። እንግሊዝኛ «ን» የለውም፣ ሥራዋን የሚሠራው የቃላት ቅደም ተከተል ነው። የመጀመሪያው «ዘ ፋርመር ሁ ሶው ዘ ማኔጀር» ነው፤ ከ«ሁ» ቀጥሎ ግስ መጣ። ሁለተኛው «ዘ ፋርመር ሁ ዘ ማኔጀር ሶው» ነው፤ ከ«ሁ» ቀጥሎ ሌላ ባለቤት መጣ።

ይህን ልዩነት ከያዙ አያያዥ ቃሉ መቼ እንደሚጣልም ያውቃሉ። ከስሙ ቀጥሎ ሌላ ባለቤት ካለ «ሁ»ን ወይም «ዛት»ን መጣል ይቻላል፦ «ዘ ኮፊ ዊ ቦውት»፣ «ዘ ፋርመር ዘ ማኔጀር ሶው»። ቀጥሎ ግስ ካለ መጣል ፈጽሞ አይቻልም። «ዘ ድራይቨር ኬም የስተርደይ ኢዝ ሲክ» ስህተት ነው፤ አንባቢው «ሾፌሩ ትናንት መጣ» ብሎ ጨርሶ ሳለ «ኢዝ ሲክ» ባለቤት አጥቶ ይንጠለጠልበታል።

«ሁም» የ«ሁ» የተሳቢ መልክ ነው። በንግግርና በተራ ደብዳቤ «ሁ» ይበቃል። ከመስተዋድድ ቀጥሎ ሲመጣ ግን ምርጫ የለም፣ «ቱ ሁም»፣ «ዊዝ ሁም» ብቻ ነው።

«ሁዝ» ላይ ትንሽ እንቆይ። አማርኛው የሚያሳየው በግሱ ላይ ሳይሆን በስሙ ላይ ነው። «ፈቃዱ ያለፈበት ነጋዴ» ሲሉ «ፈቃዱ» የማን ፈቃድ እንደሆነ ይናገራል፤ ያ የባለቤትነት ምዕላድ «ሁዝ» ነው፦ «ዘ ትሬደር ሁዝ ላይሰንስ ሃዝ ኤክስፓየርድ»። «ያለፈበት» ውስጥ ያለችውን «በት» አይተው «ዌር» እንዳይሉ ይጠንቀቁ፤ ይህች «በት» ነገሩ በነጋዴው ላይ እንደደረሰበት የምትገልጽ ናት፣ በእንግሊዝኛው የራሷ ቃል አታገኝም። ከ«ሁዝ» ቀጥሎ «ዘ»ም «ሂዝ»ም አይገባም። «ሁዝ» ለነገርም ይሆናል፤ «ዘ ባግስ ሁዝ ሌብልስ ወር ቶርን»፣ ማለትም ምልክታቸው የተቀደደ ጆንያዎች፣ ትክክል ነው። በአፖስትሮፍ የሚጻፈው መንትያው ግን «ሁ ኢዝ» ወይም «ሁ ሃዝ» ማለት ስለሆነ እዚህ ቦታ የለውም፤ አነባበባቸው አንድ በመሆኑ ጆሮ አይለያቸውም፣ ዓይን ብቻ ነው የሚለየው።

«ዛት» ለሰውም ለነገርም ይሠራል፣ በሁለት ቦታ ግን አይገባም፦ ከኮማ በኋላና ከመስተዋድድ በኋላ። «ኦን ዛት ዊ ድራይድ» አይባልም። «ኦል»፣ «ኤቭሪቲንግ»፣ «ኦንሊ» እንዲሁም «ዘ ቤስት»ን የመሰለ ማበላለጫ ካለ ግን ከ«ዊች» ይልቅ «ዛት» ይመረጣል። «ኤቭሪቲንግ ዋት ዊ ቦውት» ማለት ስህተት ነው፤ «ዋት» ራሱ «ያ ነገር» የሚለውን ስም በውስጡ ስለያዘ ከፊቱ ሌላ ስም አይፈልግም።

ኮማው ገንዘብ የሚያስከፍል ስለሆነ እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ። አማርኛ ይህን ልዩነት በጽሑፍ አያሳይም። «አጋሮ የሚኖረው ወንድሜ» ስል አንድ ወንድም ይኑረኝ አምስት ከቃሉ አይታወቅም። እንግሊዝኛ ግን በኮማ ይለየዋል። ኮማ ከሌለ ሐረጉ ከብዙዎች መካከል የትኛው እንደሆነ ይመርጣል፤ ኮማ ካለ የታወቀው ነገር ላይ ተጨማሪ ወሬ ይነግራል። «ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ ኢን አጋሮ» ያለ ኮማ ሲጻፍ ሌሎች ወንድሞች አሉ ማለት ነው። «ማይ ብራዘር፣ ሁ ሊቭስ ኢን አጋሮ፣» ብሎ በሁለት ኮማ ሲታጠር ወንድሜ አንድ ነው፣ የሚኖረውም አጋሮ ነው።

ወደ መጋዘንዎ እናምጣው። መቶ ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ተጭኗል እንበል፤ 12ቱ ረጥበዋል። «ዘ ባግስ ዛት ወር ዌት ወር ሪተርንድ» ብለው ከጻፉ የተመለሱት 12ቱ ናቸው፣ 720 ኪሎ። «ዘ ባግስ፣ ዊች ወር ዌት፣ ወር ሪተርንድ» ብለው ከጻፉ ግን ጆንያዎቹ ሁሉ ረጥበው ነበር፣ ሁሉም ተመለሱ ማለት ነው፤ 6,000 ኪሎ። ቃላቱ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፤ 5,280 ኪሎ ቡና የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ኮማዎች ናቸው። ገዢው ሪፖርቱን ይዞ ቢከራከር ጥፋቱ የእሱ አይሆንም።

በዚህ ምክንያት ለሥራ ጽሑፍ አንድ ልማድ እመክራለሁ። የሚመርጥ ሐረግ ሲሆን «ዛት» ያለ ኮማ፤ ተጨማሪ ወሬ ሲሆን «ዊች» በኮማ። የአሜሪካ አርታኢዎች በአብዛኛው እንዲህ ነው የሚፈልጉት። እንግሊዞች «ዊች»ን ያለ ኮማም ይጠቀማሉ፣ ስህተት አይደለም፤ ነገር ግን ይህን ልማድ የያዘ ሰው ኮማ ቢረሳ እንኳ «ዛት» የሚለው ቃል ሐሳቡን ያድንለታል።

ኮማ ይግባ አይግባ ሲያጠራጥርዎ ሐረጉን በእጅዎ ሸፍነው ያንብቡት። የቀረው ስለ የትኛው እንደሚናገር አሁንም ግልጽ ከሆነ ኮማ ይገባል። የሰውና የቦታ ስም ብዙውን ጊዜ ከዚህ ወገን ነው። «አባ ጅፋር ሁለተኛ፣ ሁ ሩልድ ጅማ አንቲል 1932፣ ሃድ ኤ ፓላስ አት ጅሬን» ሲጻፍ በኮማ የታጠረው ሐረግ (ዓመተ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. ነው) ቢወጣም የትኛው ንጉሥ እንደሆነ አይጠፋም። ኮማዎቹ ሁለት ናቸው፤ የመጀመሪያውን አስገብቶ መዝጊያውን መርሳት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። በእነዚህ ባለ ኮማ ሐረጎች ውስጥ አያያዡን መጣል አይፈቀድም።

አንድ ልዩ «ዊች» አለ፤ ወደ አንድ ስም ሳይሆን ከፊቱ ወዳለው ነገር ሁሉ ይመለሳል። «ዘ ሬይን ኬም ኧርሊ፣ ዊች ዲሌይድ ዘ ድራዪንግ»። ማድረቁን ያዘገየው ዝናቡ ቀድሞ መምጣቱ ነው። አማርኛው «ይህም» ብሎ የሚቀጥልበት ቦታ ሁሉ የእሱ ቦታ ነው፤ ኮማው ግዴታ ነው።

ሐረጉ ከሚገልጸው ስም አይራቅ። «አይ ሴንት ዘ ሪፖርት ቱ ዘ ባየር ዛት ዩ ሮት» የተጻፈው ገዢው ነው ያሰኛል፤ «ዘ ሪፖርት ዛት ዩ ሮት» አጠገብ ለአጠገብ ይሁኑ። ከ«ሁ» ወይም ከ«ዛት» ቀጥሎ ያለው ግስ ደግሞ ቁጥሩን የሚወስደው ከፊት ካለው ስም ነው፦ «ኤ ፋርመር ሁ ግሮውስ ኮፊ»፣ «ፋርመርስ ሁ ግሮው ኮፊ»። ሐረጉ «ዊች ኢዝ» ወይም «ዛት አር» ብሎ ጀምሮ በተደራጊ ግስ የሚቀጥል ከሆነ ሁለቱንም ቃላት ማውጣት ይቻላል። «ኮፊ ዛት ኢዝ ግሮውን ኢን ጅማ» ከማለት «ኮፊ ግሮውን ኢን ጅማ» ለሪፖርት ያጥራል።

መጻፍ ሲጀምሩ ሁለት አጫጭር ዐረፍተ ነገር ለየብቻ ይጻፉ። «ዘ ባየር ሃዝ ሪፕላይድ»። «ዊ ሴንት ዘ ሳምፕል ቱ ሂም»። ሁለቱ ላይ የተደገመው ማን እንደሆነ ይፈልጉ፤ «ዘ ባየር» እና «ሂም» አንድ ሰው ናቸው። በሁለተኛው ላይ «ሂም»ን በሰረዝ ያጥፉት፣ በምትኩ «ሁ»ን ከሐረጉ ፊት ያስቀምጡ፤ «ቱ» ባለችበት ትቆይ። ይህን ሐረግ ከ«ዘ ባየር» ቀጥሎ ይሰኩት፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ግስ ያለ አዲስ ባለቤት ይቀጥሉ፦ «ዘ ባየር ሁ ዊ ሴንት ዘ ሳምፕል ቱ ሃዝ ሪፕላይድ»። ሰረዙን በወረቀት ላይ በእጅ ማድረግ በሐሳብ ከማድረግ ይሻላል፤ «ሂም» እንደወጣ ዓይን አይቶ ያረጋግጣል።

እነዚህን ደግሞ መልሱን ሸፍነው ይሞክሩ። «ቡናውን የጫንበት መኪና አዲስ ነው»፦ «ዘ ትራክ ዊ ሎድድ ዘ ኮፊ ኦንቱ ኢዝ ኒው»። «መጋዘኑ የሚያፈስበት ነጋዴ ካሳ ጠየቀ»፦ «ዘ ትሬደር ሁዝ ስቶር ሊክስ አስክድ ፎር ኮምፔንሴሽን»፤ እዚህም «በት» ቦታ አይደለችም። «ፋብሪካው ያለበት ከተማ ሩቅ ነው»፦ «ዘ ታውን ዌር ዘ ፋክተሪ ኢዝ ኢዝ ፋር አዌይ»፤ ሁለቱ «ኢዝ» ጎን ለጎን መምጣታቸው ትክክል ነው፣ አንዱ የሐረጉ፣ ሌላው የዋናው ዐረፍተ ነገር ነው። ዓይን ከከበደው «ዌር ዩ ፋይንድ ዘ ፋክተሪ» ብለው ይቀይሩት።

ሪፖርቱን ከመላክዎ በፊት ኮምፒዩተሩ ላይ በመፈለጊያው «ሁ»፣ «ዊች»ና «ዛት»ን አንድ በአንድ ያስፈልጉ። እያንዳንዱ ላይ ቆመው እስከ ዋናው ግስ ድረስ ያንብቡ፤ በመሐል «ሂም»፣ «ሄር»፣ «ኢት» ወይም «ዜም» ካገኙ ወደ ማን እንደሚመለስ ይጠይቁ። ከፊት ወዳለው ስም የሚመለስ ከሆነ ያውጡት። ወደ ሌላ ሰው ወይም ነገር የሚመለስ ከሆነ ይተዉት፤ «ዘ ፋርመር ሁ ብሮውት ኢት» ውስጥ «ኢት» ቡናው ነው፣ ቦታው ነው።